የድሮ የብረት መጫወቻ መኪናዎችን እንዴት መሰብሰብ ይቻላል? ከቆራሌው ጆንያ እስከ መደርደሪያ

ጠዋት ሰፈራችን ውስጥ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ባለቤቴ ትስቃለች። እኔ ጫማዬን ሳላስር በር ላይ ነኝ። ጎረቤት የሚሸጥ ጠርሙስና ብረታ ብረት ይዞ ይወጣል። እኔ ባዶ እጄን ወጥቼ ጆንያው ውስጥ አያለሁ። የሞተ ሬዲዮ፣ የተቃጠለ ካውያ፣ እጀታ የሌለው ድስት። አልፎ አልፎ ደግሞ ከሥር በመዳፍ የምትያዝ፣ ቀለሟ የተላላጠ የብረት መኪና።

አዳማ ውስጥ እንዲህ ስሰበስብ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ወደ 140 ደርሰዋል። ግማሽ ያህሉ ከጆንያ የወጡ ናቸው። ስጀምር የሚመክረኝ ሰው ስላልነበር ብዙ አበላሽቻለሁ። እናንተ ያንኑ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

እነዚህ መኪናዎች ዳይካስት ይባላሉ። ዚንክ ከአሉሚኒየም፣ ከማግኒዚየምና ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ይቀልጣል፤ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይገባል። ቅይጡ ዛማክ ይባላል። እኛ ልጆች ሳለን ከፕላስቲኳ ለመለየት «ብረቷ» ብቻ ነበር የምንላት። ከታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መኪናዎቹ ላይ የተጻፈውም እሱ ነው።

1. አንድ መስመር ያዙ

«የድሮ የተባለ ሁሉ» ብላችሁ ከተነሳችሁ በስድስት ወር ቤታችሁ ጋራዥ ይሆናል። እኔ አገራችን መንገድ ላይ የሮጡትን ብቻ ነው የማሳድደው። ቮልስንና ላንድሮቨርን ማችቦክስ የሚባለው የእንግሊዝ መጫወቻ ሠርቷቸዋል። ፔጆ 404ን ዲንኪ የሚባለው የእንግሊዝ መጫወቻ ሠሪ የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ሠርቷታል። የጃፓኑ ቶሚካ በ1970 ሲጀምር ስድስት መኪና ብቻ ነበረው፤ ከስድስቱ መካከል ቶዮታ ክራውን ነበረች። እናንተ ቦቴ ብቻ፣ ወይም አምቡላንስ ብቻ ልትሉ ትችላላችሁ። የአሜሪካኑን ሆት ዊልስ ብቻ የሚሰበስቡም አሉ። የእኔ ጣዕም አይደለም፤ እሳት የተሳለባት መኪና አዳማ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

2. ፈልጉ፣ ፊታችሁን ግን ጠብቁ

ቆራሌዎች ብረትን በኪሎ ነው የሚያስቡት። እንዲህ ያለች መኪና ለእነሱ ጥቂት ግራም ናት። ስለዚህ ከሁለት ከሦስቱ ጋር ተዋወቁና «ጎማ ባይኖራትም፣ ብትሰበርም አምጡልኝ፤ ከኪሎው በላይ እከፍላለሁ» በሏቸው። ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። የማትፈልጓትንም ቢሆን አንዳንዴ ግዙ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ማምጣቱን ይተዉታል።

ሰልባጅ ተራም አትናቁ። ከልብስ ጋር መጫወቻ ተደባልቆ የሚመጣበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ስትሄዱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጎራ በሉ። ዘመድ ቤት ቆጥ ላይ ያለ ካርቶን ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ደስታችሁን ዋጡት። አንድ ቀን አንዷን ሳይ «ወይኔ!» አልኩ። ሃምሳ ብር የነበረችው ሁለት መቶ ገባች። ነጋዴው ምን እንደያዘ አያውቅም ነበር፤ የነገርኩት እኔው ነኝ።

ልጅ እጅ ላይ ያለች መኪና ካያችሁ እናቱን ሳታናግሩ አትንኩ። ገንዘብ ሰጥቶ መቀበል ደስ አይልም። እኔ አዲስ ትልቅ መኪና ገዝቼ እለውጣለሁ፤ ልጁም ያተረፈ ይመስለዋል። እውነትም አትርፏል፤ የእሱ ትሄዳለች፣ የእኔ ትቀመጣለች።

3. ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር

ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ስባሪ ይበቃል። ዛማክ በማግኔት አይሳብም። ጣሪያዋን ከሳበው የላሜራ መጫወቻ ናት፤ እሷም የራሷ ሰብሳቢ አላት። ሆዷ ላይ አትሞክሩ። የጎማዎቹ ዘንግ ብረት ነው፣ አንዳንዶቹም ሆዳቸው ላሜራ ነው።

4. ገልብጡና ሆዷን አንብቡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከላይ የሚታየውን ማንም ሊቀባው ይችላል። ሆዷ ላይ የተቀረጸውን ግን ማስመሰል ከባድ ነው።

መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ቀጥሎ የስልካችሁን መብራት ከጎን አስተኝታችሁ አብሩ፤ ፊደሎቹ ጥላ ስለሚጥሉ ጎልተው ይወጣሉ። ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ አንብቡ። አጉሊ መነጽር ገዝቼ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። አንዲት ሆት ዊልስ ሆዷ ላይ የ1980ዎቹ ዓመት ተጽፎባት አገኘሁ። አርባ ዓመት የኖረች መስላኝ ያለ ክርክር ከፈልኩ። በሳምንቱ ጓደኛዬ ቤት ልጁ ቁርጥ እሷን በሌላ ቀለም ይዞ ወለሉ ላይ ይነዳል። ካናዳ ያለች አክስቱ ከሱቅ ገዝታ ነው የላከችለት። ያው ዓመት ሆዷ ላይ አለ! ለካ ሆት ዊልስ ላይ ያለው ዓመት የንድፉ መብት የተመዘገበበት ነው። ቅርጽ ማውጫው እስካለ ድረስ ከብዙ ዓመት በኋላም ያንኑ ቁጥር ይዛ ትወጣለች።

ስለዚህ ዓመቱን ብቻውን አትመኑት። ሦስት ነገር አብራችሁ እዩ፦ የድርጅቱን ስም፣ የተሠራችበትን አገርና ጎማዋን።

ማችቦክስን እንውሰድ። ሠሪው ሌስኒ የሚባል የለንደን ድርጅት ነበር። ከሸሪኮቹ አንዱ ጃክ ኦዴል ነበር። የሴት ልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ሳጥን የምትበልጥ መጫወቻ ስለማይፈቅድ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት ይባላል፤ ማችቦክስ ማለት የክብሪት ሳጥን ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። መኪናዎቹ በ1953 ገበያ ላይ ዋሉ። ሌስኒ በ1982 ከሰረና ስሙ ለሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች ተሸጠ። እንግዲህ ሆዷ ላይ «ሌስኒ» እና «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ካለ በእጃችሁ ያለችው የደህናው ዘመን ናት። «ማካው» ካለ ከሽያጩ በኋላ የመጣች ናት። «ታይላንድ» ወይም «ቻይና» ካለ ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ናት።

ከዚያ ጎማዋ ይናገራል። የማችቦክስ የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ብረት ነበሩ፤ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ ጥቁር ፕላስቲክ መጣ። በ1968 የአሜሪካው ድርጅት ማቴል ሆት ዊልስን ይዞ ብቅ አለ። የሆት ዊልስ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ መኪናዎቹ ይበሩ ነበር። የሌስኒዎቹ አጠገባቸው ጋሪ መሰሉ። ሌስኒም በ1969 ሱፐርፋስት ብሎ ጎማውን ቀየረ። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ገፋ አድርጓት። ትንሽ ሄዳ ከቆመች አትናደዱ፤ ምናልባት ከ1969 በፊት የነበረችው ናት።

ሆት ዊልስ ከሆነች የጎማውን ጠርዝ እዩ። እስከ 1977 ድረስ ቀይ ክብ መስመር ነበረው፤ ሰብሳቢዎች ሬድላይን ይሉታል። ማቴል በኋላም ለሰብሳቢ ብሎ ደግሞታልና መስመሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ዲንኪ ከሆነች ሊቨርፑል ያለው ፋብሪካ በ1979 እንደተዘጋ አስታውሱ። ሌላው የእንግሊዝ መጫወቻ ኮርጊ በ1956 ሲመጣ ከዲንኪ የተለየበት ነገር መስኮቱ ላይ ፕላስቲክ መኖሩ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሪቬቶቹን እዩ። ሆድና ገላዋን የሚያያይዙት እነሱ ናቸው። ተሰርስረው ከሆነ፣ ቡሎን ከገባባቸው ወይም ሙጫ ከዞራቸው መኪናዋ ተከፍታለች። ተከፍታለች ማለት ደግሞ ጎማዋ ወይም ቀለሟ የራሷ ላይሆን ይችላል። አትግዙ አልልም፤ በዚያ ዋጋ አትግዙ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ዲንኪ ካጋጠማችሁ ደግሞ ስንጥቅ ፈልጉ። በዚያ ዘመን ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ይገባበት ስለነበር ብረቱ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም።

5. እጠቡ፤ በረኪና ግን ከቤት ይውጣ

አጎቴ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ ሳለሁ ከአሰብ አንዲት ብርቱካናማ ማችቦክስ አመጣልኝ። ከኮፈኗ ላይ የሚያብረቀርቅ ሞተር ብቅ ብሎ ነበር። ስብስቤ የተጀመረው በእሷ ነው። አንድ ቀን እንግዳ ሊመጣ ሆነና ላስውባት ብዬ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌያት አደርኩ። ነጭ ልብስ የሚያጸዳ ነገር መኪና ምን ያደርጋል ብዬ።

ጠዋት ሳወጣት ብልጭልጩ ሞተር የለም። ማለቴ ፕላስቲኩ አለ፤ ክሮሙ ግን እልም ብሏል። ያ ክሮም ፕላስቲክ ላይ እንደ ጭስ የተቀባ ስስ ንጣፍ ነው፤ በረኪና ይበላዋል። ቀለሟ በተላላጠበት ቦታ ብረቱ ጠቁሯል። ዘንጓ ዝጓል። አጎቴ ያኔ አርፎ ነበር። እንኳን አላየ አልኩ።

ትክክለኛው አጠባብ ይህ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። አትዘፍዝፉ። ወረቀት ወይም ስቲከር ያለበትን ቦታ ውሃ አታስነኩ። ካጠባችሁ በኋላ ወዲያው በጨርቅ አድርቁና ውስጧ ውሃ እንዳይቀር ገልብጣችሁ አሳድሯት። ጎማዋ ካልዞረ በመርፌ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት ዘንጉ ላይ ጠብ አድርጉ። የወጥ ዘይት አይሆንም፤ ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል።

6. ቀለም አትቀቡ

አዳማ ውስጥ ጎበዝ ቀለም ቀቢ ሞልቷል። «አንድ ጊዜ ነፋ ላድርጋት?» የሚላችሁ ጓደኛም አይጠፋም። አይሆንም በሉት። የተላላጠ የራሷ ቀለም ከአዲስ ቀለም ይበልጣል፤ ሰብሳቢም የሚከፍለው ለእሱ ነው። የጠመመ ዘንግ በፒንሳ ማቃናት ይቻላል። ስፖርቴሎዋ ከወለቀ አስቀምጡት፤ በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፤ ጭሱ መስታወቷን ነጭ ያደርገዋል።

7. ከፀሐይና ከነፋስ አርቁ

ይህች ከተማ ነፋሷ መብራት ያመነጫል፤ ከዳር ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች አይታችኋል። ያው ነፋስ አቧራ ይዞ በመስኮት ይገባል። ክፍት መደርደሪያ አትሞክሩት። እኔ መስታወት በር ያለው የቆየ ቡፌ ገዝቼ ጠርዙን በስስ ስፖንጅ ደፍኜዋለሁ። መስኮት ትይዩ አታቁሙት፤ ፀሐይ ቀዩን ሮዝ ታደርገዋለች።

ስፖንጅ ላይ ግን መኪና አታስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ይሟሟና ይጣበቃል። የላስቲክ ጎማ ያላቸውንም ፕላስቲክ ላይ አታቁሙ፤ ጎማው ላዩ ላይ ይጣበቃል። ነጭ ጨርቅ ወይም ካርቶን ይበቃል። ሳጥኗ ካለ አትጣሉት፤ አጣጥፋችሁም አታስቀምጡት።

8. መዝግቡ

ስልክ ላይ ጀምሬ ስልኩ ተሰረቀ። አሁን ደብተር ነው። ቁጥር፣ ስም፣ ሆዷ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳለ፣ ከማን እንደገዛኋት፣ ስንት እንደከፈልኩ፣ ሁኔታዋ። ቁጥር 1 የአጎቴ ብርቱካናማ ናት። «ሁኔታ» በሚለው ረድፍ «በረኪና» ተብሎ ተጽፏል።