በሐዋሳ ኮሌጅ እየተማሩ የኑሮ ወጪን እንዴት መሸፈን ይቻላል?

ሐዋሳ መጥቶ ለሚማር ሰው ዋናው ችግር ወጪው በየቀኑ፣ ገቢው ግን በየወቅቱ መሆኑ ነው። ቡና ከሚያመርት ቤተሰብ የመጣ ተማሪ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ጊዜ እጁ ይረጥባል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ግን ከቤት የሚላክለት ነገር እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራ ለመፈለግ ከመውጣትዎ በፊት ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉትን ወራት በደብተር ላይ በተራ ይጻፉና ከእያንዳንዱ ወር ፊት ለፊት የሚገባውንና የሚወጣውን ያስፍሩ። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ባጃጅ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድና ፎቶኮፒ በየወሩ ይመጣሉ፤ የምዝገባ ክፍያና ለበዓል ወደ አገር ቤት መሄጃ ትራንስፖርት ደግሞ በጥቂት ወራት ላይ ይከመራሉ። ደብተሩ ላይ ባዶ ሆነው የሚታዩት ወራት ናቸው ሥራ የሚያስፈልጋቸው። ቤተሰብ በመኸር ወቅት ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከላከ ሙሉውን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በባንክ አስቀምጦ ወር በወር ማውጣት፣ ራስን ማመን ካስቸገረም በታላቅ ወንድም ወይም እኅት ሒሳብ እንዲቀመጥና በየወሩ በቴሌብር እንዲላክ ማድረግ ይሻላል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ ሁለተኛ ሥራው የወጪ መጋራት ውሉን በጥንቃቄ ማንበብ ነው። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን እንዲሁም የትምህርት ወጪውን ከፊል ይጋራል፤ ክፍያውን የሚፈጽመውም ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ነው። ምግብ በዓይነት ከሚወስደው የካፌ ተማሪ ሌላ ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ውጭ የሚመገብ አለ፤ ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ብዙዎች ነን ካፌ የሚሆኑት ገንዘቡ እጃቸው ስለሚገባ ብቻ ነው። ብቻውን ምግብ ቤት ለሚበላ ሰው ያ ገንዘብ ወሩን እንደማያዘልቅ የግቢ ነባር ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያዋጣው ከጓደኞቹ ጋር ለሚያበስል ተማሪ ነው። አብሮ የሚያበስል ሰው ሳያገኙ ካፌውን አይልቀቁ።

በግል ኮሌጅ ወይም በማታው መርሐ ግብር የሚማር ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው የቤት ኪራይ ነው። ለግቢው በር በቀረቡ ሰፈሮች ኪራዩ ይወደዳል፤ ራቅ ሲሉ ይረክሳል፤ ነገር ግን የተረፈው ሁሉ ለባጃጅ ከወጣ ምንም አልተገኘም። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ስለሆነች ያገለገለ ብስክሌት መግዛት ይህን ሒሳብ ይለውጠዋል። ቤት ሲያዩ መብራትና ውኃ ከኪራዩ ጋር ይሁን ለብቻ፣ በምድጃ ማብሰል ይፈቀድ እንደሆነ፣ በክረምት ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ ኪራዩ ይቀጥል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የደላላውንም ክፍያ ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይነጋገሩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ የክልሉን ውሳኔ ስለሚከተል፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ከተጠየቁ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ቀበሌው ጎራ ማለት አይከፋም።

ምግብን በተመለከተ የሚባለው አጭር ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ድርቆሽ ከቤት በስንቅ የሚመጣለት ተማሪ የወጪውን ትልቅ ክፍል ተገላገለ ማለት ነው፤ የቀረው እንጀራ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ከሰል በሦስት ሰው ሲካፈል ይቀላል። አቮካዶ በሚበዛበት ወቅት ዳቦ በአቮካዶ ጥሩ ቁርስ ነው። በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ዓሣ መብላት የከተማዋ ወግ ቢሆንም በደብተሩ ላይ በመዝናኛ ስር እንጂ በቀለብ ስር መመዝገብ የለበትም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ለመደበኛ ተማሪ ከሁሉ የሚስማማው ቤት ለቤት ማስጠናት ነው፤ ሰዓቱ ከክፍል በኋላ ነው፣ መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚሸጠውም ተማሪው ቀድሞ ያለው ዕውቀት ነው። ወላጆች አስጠኚ በብዛት የሚፈልጉት በሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ትምህርት ተጀምሮ ልጆቹ ከተረጋጉ በኋላ በጥቅምት፣ ሁለተኛው የግማሽ ዓመት ካርድ ወጥቶ ቤተሰብ ሲደነግጥ ነው። የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ይበልጥ ይቸኩላል። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሰው ያመጣል፤ የበለጠ የሚሠራው ግን የሰፈር አስተማሪ ወይም አከራይዎ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው» ብለው የሚናገሩልዎት ቃል ነው። በመጀመሪያው ቀን ትምህርት አይጀምሩ፤ የልጁን ደብተሮችና የቆዩ የፈተና ወረቀቶች አስወጥተው የሳተበትን ይመልከቱ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ አይገባውም የሚባለው ብዙ ጊዜ የአራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ስላልገባው ነው፤ ይህን ለእናቱ በወረቀት ላይ አሳይቶ «ከዚህ እንጀምራለን» ማለት ክፍያ ለመነጋገርም ድፍረት ይሰጣል። በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ገንዘቡ በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ልጁ ከቀረ ሰዓቱ ይካካስ እንደሆነ በዚያው ቀን ይወስኑ። ሦስት ልጆችን በሦስት ሰፈር ከመያዝ የአንድ ግቢ ጎረቤታሞችን በአንድ ሳሎን ሰብስቦ ከእያንዳንዱ ጥቂት መቀነስ ለሁሉም ይበጃል።

ሁለተኛው አማራጭ መረጃ መሰብሰብ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ጥናት የሚያካሂዱ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በገጠር ቀበሌዎች መጠይቅ የሚያስሞላላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሐዲይኛ የሚናገር ተማሪ ደግሞ ቅድሚያ ያገኛል። ስምዎንና የሚናገሯቸውን ቋንቋዎች ለትምህርት ክፍልዎ መምህራን አስቀድመው ያስታውቁ። አበሉ ጥሩ ቢሆንም ዘግይቶ ሊከፈል ስለሚችል የዚያን ወር ኪራይ በእርሱ ላይ አያስቡ። ከዚህ ሌላ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ከተማዋን በእንግዳ ሲሞላት፣ ጥር ላይም ሠርግ ሲበዛ ካፌዎች፣ ሆቴሎችና ድግስ አዘጋጆች ተጨማሪ አስተናጋጅ ይቀጥራሉ፤ ለዚህ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ወር ሲቀረው መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ሙሉ የሥራ ቀን የሚጠይቅ በመሆኑ ቀን ክፍል ለሚገባ ሰው አይሆንም፤ በማታ ለሚማርም ቢሆን ድካሙን አስልቶ የሚገባበት ነው።

ከመኝታ ክፍል ጓደኞች ጋር የሚገቡበት ዕቁብ የኪራይን ወይም የምዝገባን ጥቅል ክፍያ ለመሸከም ይረዳል፤ ሁለት ነገሮች ግን ይጠበቁ። ዕቁቡ ሴሚስተሩ ሳያልቅ መዘጋት አለበት፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ፈተናውን ጨርሶ አገሩ ከገባ በኋላ ማስከፈል አይቻልምና። እያንዳንዱ አባልም ከቡድኑ ውስጥ ዋስ ይጥራ። ቤቲንግ ቤት ገብቶ የወር ቀለብን ማብዛት፣ በቴሌግራም «ተመዝገብና ሰው አምጣ» ለሚሉ ሰዎች ብር ማስገባት፣ የሌላ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ መሥራት በዚህ ደብተር ላይ ቦታ የላቸውም፤ የመጨረሻው ከትምህርት ገበታ ያስባርራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ገንዘቡ ካልሞላ ዝም ብለው አይጥፉ። በግል ኮሌጅ ያልከፈለ ተማሪ ፈተና እንዳይቀመጥ ሊከለከል ስለሚችል ክፍያው በክፍልፋይ እንዲሆን ሬጅስትራሩን ፈተናው ከመድረሱ በፊት በማመልከቻ ይጠይቁ። በመንግሥት ተቋም ደግሞ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ችግረኛ ተማሪዎችን የሚያግዝበት መንገድ ካለ ቀርበው ይጠይቁ፤ ማቋረጥ ግድ ከሆነም የመልቀቂያ ፎርሙን ሞልተው፣ አስፈርመው፣ ቅጂውን ይዘው ይውጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለመመለስ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት እርሱን ነው።