ኮምፒውተር ሲከፈት አብሮ የማይነሳ ፕሮግራም፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ታስክ ማናጀር የስታርትአፕ ዝርዝር ላይ «ኢኔብልድ» (እንዲነሳ ተፈቅዷል) ይላል፣ በእጅ ስትከፍቱት ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ግን አይነሳም። ዊንዶውስ ቪስታ ማገዱን በስክሪኑ ታችኛው ጥግ ይናገር ነበር። 10 እና 11 ዝም ብለው ያልፉታል፤ ሰዉም ተበላሸ ብሎ ደጋግሞ ይጭነዋል።

ምክንያቱ፦ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ የአድሚን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ነው። ዊንዶውስ ከስታርትአፕ ዝርዝር ለሚነሳ ፕሮግራም ይህን ፈቃድ አይሰጥም። በእጅ ስትከፍቱት «የስ» ወይስ «ኖ» ብሎ ከጠየቃችሁ ጥፋቱ ይኸው ነው።

መፍትሄው፦ ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ለአማርኛ መጻፊያው ሳይቀር «ራን አስ አድሚኒስትሬተር» ላይ ቲክ አድርጎ የሚሰጥ ጥገና ቤት አይጠፋም። ይህ ጥገና አይደለም! የፕሮግራሙን ፋይል ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፤ ቲኩን አንሱት። እዚያ ካጣችሁት ከታች ባለው «ኦል ዩዘርስ» በተን ውስጥ ይገኛል።

ፕሮግራሙ ፈቃዱን የግድ የሚፈልግ ከሆነ ከስታርትአፕ ዝርዝሩ አጥፉትና ታስክ ስኬጁለር (ሥራዎችን በቀጠሮ የሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) ውስጥ «ክሪኤት ታስክ» በሉ። «ራን ዊዝ ሃየስት ፕሪቪሌጅስ» ላይ ቲክ አድርጉ፤ ትሪገር «አት ሎግ ኦን»፣ መዘግየቱ 30 ሰከንድ። አክሽን ላይ ፋይሉን ምረጡ፤ «ስታርት ኢን» የሚለው ሳጥን ውስጥ ፎልደሩን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ጻፉ።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት፦ «ኮንዲሽንስ» ውስጥ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ አስነሳ የሚለው ቲክ ከመጀመሪያው ተደርጎ ነው የሚመጣው። መብራት በጠፋ ቀን በባትሪ ስትከፍቱት ፕሮግራሙ አይነሳም። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ቲክ ይብሳል፤ እየሠራችሁ መብራት ቢጠፋ ፕሮግራሙን ራሱ ይዘጋዋል፣ ሴቭ ያልተደረገውም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱንም አንሱ። «ሴቲንግስ» ውስጥ ደግሞ ከ3 ቀን በኋላ አቁም የሚለውን አንሱ።

ዩኤሲን (ያንን «የስ» ወይስ «ኖ» የሚለውን የዊንዶውስ ጥያቄ) ጨርሶ በማጥፋት «አስተካከልኩ» የሚላችሁን አትስሙ። ያኔ ከፍላሽ የመጣ ቫይረስም ሳይጠይቅ ይገባል።

ሲበራ «የቪቢኤስ ፋይሉ (ትንሽ የትእዛዝ ፋይል) አልተገኘም» የሚል መልእክት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ቅሪት ነው። ፋይሉን አንቲቫይረሱ አጥፍቶታል፣ ትእዛዙ ግን ቀርቷል። ፋይሉን ከኳራንቲን (አንቲቫይረሱ የያዘውን ከሚያግትበት ቦታ) እንዳትመልሱት! ሙሉ ስካን አድርጉ፤ ከዚያ ሲበራ የሚነሱትን ሁሉ በሚዘረዝረው የማይክሮሶፍት ኦቶራንስ ፕሮግራም የትእዛዙን መስመር ፈልጋችሁ ሰርዙ።

ፕሮግራሙ ያለበት ድራይቭ ፊደሉ ተቀይሮ (ለምሳሌ D የነበረው E ሆኖ) ከሆነ ታስኩ ውስጥ ያለውን የፋይሉን አድራሻ አስተካክሉ።