ኤልክ ከሩቅ ሲሳት፦ ጥፋቱ የጥይቱ ነው ወይስ የሌላ?

ኮሎራዶ ውስጥ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው) አደን በተዘጋ ማግስት ስልኬ አያርፍም። ከአውሮራና ከዴንቨር ለአደን የምንወጣ ሐበሾች ብዙ ስላልሆንን የቀናውም የሳተውም ይደውላል። የቀናው ሥጋ ይልካል። የሳተው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ጥይቱን ልለውጠው?» እኔም «ቆይ፣ መጀመሪያ የሆነውን ንገረኝ» እላለሁ፤ ነገሩን ሰምቼ ስጨርስ ብዙውን ጊዜ ጥይቱ ነፃ ይወጣል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። «ጥይት» የምንለው አራት ነገር ነው፦ ቀለሁ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከግርጌው ያለው መለኮሻና ከጫፉ የተሰካው ዓረር። ሱቅ ውስጥ ሰው የሚጨቃጨቀው በቀለሁ ስም ነው። ኤልኩ ጋ የሚደርሰው ግን ዓረሩ ብቻ ነው።

«መትቼዋለሁ፤ ግን ሄደ»

ከሁሉም የከፋው ስልክ ይህ ነው። መንስኤው ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ተቃራኒ ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ርቀቱን ነው።

ከቅርብ ከሆነ፦ ሩቅ ለመተኮስ ተብሎ ፈጣን ጥይት ተገዝቷል፤ ኤልኩ ግን በ60 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ከቁጥቋጦ ብቅ ይላል። ለስላሳ ዓረር በዚያ ፍጥነት የትከሻ አጥንት ሲገጥመው እዚያው ይፈረካከሳል፣ ሳንባ ጋ አይደርስም። ትልቅ ወንድ ኤልክ ከ300 ኪሎ በላይ ነው፤ ከቆዳው በታች ብዙ ሥጋና ወፍራም አጥንት አለ። ችግሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ጆን ኖዝለር እ.ኤ.አ. በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙዝ የሚባለውን አውሬ (ፍሬውን አይደለም) ሲያድን ዓረሩ ወደ ውስጥ አልዘልቅ አለው። ቤቱ ተመልሶ መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው ዓረር ሠራ፤ የፊተኛው ክፍል ሲከፈት የኋለኛው ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፓርቲሽን ተብሎ ከ1948 ጀምሮ እየተሸጠ ነው። ዛሬ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀም፣ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነም ሞልቷል። ስለዚህ መፍትሄው ጠመንጃውን መለወጥ አይደለም፤ ከዚያው ጥይት ጠንካራ ዓረር ያለውን ሳጥን መግዛት ነው።

ከሩቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የዓረሩ ፊት እንዲከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ ካለቀ እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። እርሳስ ያለበት ዓረር በአብዛኛው ቢያንስ በሴኮንድ 1,800 ጫማ ይፈልጋል፣ ሙሉ መዳቡ ወደ 2,000 ቢሆንለት ይሻለዋል። አሁን የጥይታችሁን ፍጥነት በየርቀቱ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አውጡና ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ለምሳሌ 30-06 ስፕሪንግፊልድ የሚባለው ጥይት ባለ 180 ግሬይን (የዓረር ክብደት መለኪያ ነው) ተራ ዓረሩን ከአፈሙዙ በ2,700 ጫማ ያስወጣዋል፤ 400 ያርድ ላይ ግን ወደ 1,850 ወርዷል። እንግዲህ ተኳሹ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የዚህ ጥይት ወሰን እዚያ ነው። ሁሉም አዳኝ በአፈሙዝ ፍጥነት ይፎክራል፤ ለኤልኩ ግን የሚቆጠረው እሱ ጋ ሲደርስ የቀረው ነው።

ስለ ኃይል የሚነገር አንድ ልማድም አለ፦ ለኤልክ ሲደርስ 1,500 ፉት-ፓውንድ (የኃይል መለኪያ ነው) ይኑረው ይባላል። ሕግ አይደለም። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ ባለ 85 ግሬይን፣ ሲመታ የሚከፈት ዓረርና በ100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ ነው። ልማዱን ግን እንደ ጥሩ አጥር እወስደዋለሁ። 6.5 ክሪድሙር የሚባለው ጥይት ባለ 143 ግሬይን ዓረሩ ያን አጥር የሚነካው 400 ያርድ ላይ ነው፤ 7 ሚሊሜትር ፒ.አር.ሲ ባለ 175 ግሬይኑ ግን 500 ያርድ ላይም ወደ 2,000 ይቀረዋል። ክሪድሙር ለኤልክ አይሆንም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል፦ ይሆናል፣ ግን አጥሩ ቀረብ ያለ ነው።

«ትልቁን ማግነም ገዛሁ፤ ብሶብኝ አረፈው»

ይህን ከራሴ ነው የምናገረው። የመጀመሪያ ዓመት አንድ ሱቅ ገብቼ «ለኤልክ» አልኩ፤ ሻጩም 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ አስታቀፈኝ። ቀላል ጠመንጃ ነበር፣ ተራራ ለመውጣት ደስ ይላል። በነሐሴ መተኮሻ ሜዳ ሄጄ 11 ጥይት ተኩሼ ትከሻዬን እያሸሁ ተመለስኩ፤ በቃኝ አልኩ። ጥቅምት ላይ 280 ያርድ ቆማ ስትግጥ የነበረችን ላም ኤልክ ሳትኩ። ነፋስ የለም፣ ጠመንጃው ቦርሳ ላይ ተደግፏል፣ ሰበብ የለም።

ምክንያቱን ያሳየኝ አብሮኝ የሚያድን ጓደኛዬ ነው። «እኔ ላጉርስ፣ አንተ ተኩስ» አለኝ። ሳላይ አንዱን እውነተኛ፣ አንዱን ባሩድ የሌለው ማስመሰያ እያደረገ ያጎርስልኛል። ሦስተኛው ማስመሰያ ነበር። ምላጩን ስስብ ጠመንጃው ጠቅ አለ፤ አፈሙዙ ግን እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ ሲል ሁለታችንም አየነው። ዓይኔም ተጨፍኖ ነበር። ምቱን ፈርቼ ገና ሳይተኮስ ጠመንጃውን ወደ ታች እየገፋሁት ነው።

300 ዊንቸስተር ማግነም በቀላል ጠመንጃ ትከሻ የሚመታው የ6.5 ክሪድሙርን እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። 30-06 እና 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም በሁለቱ መሃል ናቸው፤ ብዙ ሰው ሳይደነግጥ የሚለምደውም እዚያ ድረስ ያለውን ይመስለኛል። እናንተም ዝቅ ብሎ ወይም በአንድ ወገን የሚመታ ተኩስ ከበዛባችሁ የማነጣጠሪያ መነፅሩን ከመነካካታችሁ በፊት የማስመሰያውን ፈተና አድርጉ። ካደረጋችሁና አፈሙዙ ከሰገደ፦ አንድ ወር በ22 ትንሿ ጥይት ተለማመዱ፣ ሰደፉ ላይ ጥሩ ጎማ አስደርጉ፣ ካልሆነ ወደ ቀለለው ጥይት ውረዱ። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ብሬክ ምቱን በደንብ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ጎን ያለውን ሰው ያደነቁራል፤ ያለ ጆሮ መከላከያ እንዳትሞክሩት። እኔ ማግነሙን ሸጥኩት። አላፈርኩም።

«ወደ ጎን ሄደብኝ»

ነፋስ ነው። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ400 ያርድ የተራውን የ30-06 ዓረር ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ይገፋዋል፤ ረጅሙንና ሹሉን የ7 ሚሊሜትር ፒ.አር.ሲ ዓረር ግን 20 እንኳ አይሞላም። የሚገርመው ደካማ የሚባለው ክሪድሙር እዚህ ላይ ተራውን 30-06 ይበልጠዋል፤ ዓረሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አየሩን ይሰነጥቀዋል። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር ስለሚሆን መሃሉን አነጣጥሮ 30 ሳንቲሜትር የተገፋ ዓረር ወይ ሆድ ነው ወይ ባዶ አየር። ስለዚህ ሩቅ ለመተኮስ ጥይት የምትመርጡ ከሆነ ከቀለሁ ስም በፊት ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የዓረሩን አየር የመሰንጠቅ ቁጥር (BC) እዩ፤ ትልቁ ይሻላል። በገደል አፋፍ እናንተ ጋ ያለው ነፋስና ሸለቆውን ተሻግሮ ያለው ነፋስ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ሣሩ ወዲያ ማዶ ወዴት እንደሚተኛ ሳታዩ አትተኩሱ።

«በላዩ አለፈ፣ በታቹ ሄደ»

ይህኛው አጭር ነው። በ200 ያርድ ዜሮ የተደረገ (ያነጣጠሩበት ላይ እንዲመታ የተስተካከለ) 30-06 በ300 ወደ 20 ሳንቲሜትር፣ በ400 ወደ 60፣ በ500 ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። በዓይን መገመት ከ300 በኋላ ቁማር ነው። የጨረር ርቀት መለኪያ ግዙ፤ ከአዲስ ጠመንጃ በጣም ይረክሳል። ከዳገት ወደ ታች ስትተኩሱ የአግድሙን ርቀት የሚሰጠውን ዓይነት ምረጡ። በነሐሴ ሙቀት ሜዳ ላይ ዜሮ ያደረጋችሁትንም 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ አንድ ጥይት ተኩሳችሁ ፈትኑት። ቀዝቃዛ ባሩድ ይዘገያል፣ ስስ አየር ደግሞ ውድቀቱን ይቀንሳል፤ የቱ እንደሚያመዝን የምታውቁት እዚያው ተኩሳችሁ ነው።

«አዲሱ ከባድ ዓረር ወረቀት ላይ ይበታተናል»

አሮጌ ጠመንጃ ላይ ረጅም ዘመናዊ ዓረር ሲጫን የሚመጣ ነው። የአፈሙዙ የውስጥ ጥምዝ ዓረሩን የሚያሽከረክረው በተወሰነ ፍጥነት ነው፤ ዓረሩ በረዘመ ቁጥር ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው 270 ዊንቸስተር በልማድ በየ10 ኢንቹ አንድ ዙር ነው፤ 7 ሚሊሜትር ፒ.አር.ሲ ግን ሲፈጠር ጀምሮ በየ8 ኢንቹ ተብሎ ነው። ጠመንጃችሁ የድሮ ከሆነ መካከለኛ ክብደት ያለው ዓረር አጉርሱትና ወሰናችሁን 350 ወይም 400 ያርድ አድርጉ። ኤልክ ይወድቃል።

«ጥይቱ ሱቅ ውስጥ የለም»

እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 መደርደሪያው ባዶ ሲሆን የተማርነው ነው። አዲስ ጥይት ማራኪ ነው፤ የገጠር ከተማ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የሚገኘው ግን 30-06፣ 308፣ 270፣ 300 ዊንቸስተር ማግነምና 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያለው 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም ከሁሉም የምመክረው ነው፦ ነፋስን ይቋቋማል፣ 450 ያርድ ላይ ኃይል ይቀረዋል፣ ምቱ ይለመዳል፣ በየቦታው ይገኛል። ከገዛችሁ በኋላ ከአንድ ዓይነት ሳጥን አምስት ስድስቱን በአንድ ጊዜ ውሰዱ፤ ዓረሩ ከተለወጠ ዜሮው ይለወጣል።

«ወደቀ፤ ግን ግማሹ ትከሻ ተበላሽቷል»

ይህ የደስታ ችግር ነው። ፈጣንና ለስላሳ ዓረር ትከሻ ላይ ሲያርፍ ዙሪያው ያለው ሥጋ ደም ቋጥሮ ይጠቁራል፤ የእርሳሱ ፍንጣሪም ከቁስሉ ርቆ ይበተናል። ከትከሻው ጀርባ አነጣጥሩ፣ ቁስሉን ዙሪያውን ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ጣሉ። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ሙሉ መዳቡን ተጠቀሙ፤ እኔ ልጆቼ ከተወለዱ ወዲህ ሌላ አላጎረስኩም። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፤ በመጀመሪያው የአደን ወቅት ከቀናችሁ ቅልጥሙን ወዲያው ቀቅሉት። በኅዳር ከሆነ ግን ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ጥብሱ ለገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። በየከረጢቱ ላይ ቀኑን መጻፍ እንዳትረሱ፤ ባለፈው ዓመት የእኛ ቤት ገና የበላው የካቻምናውን ነበር።