ባሉን ላይ ሳሉ ድንገተኛ ነፋስ ቢነሣ

የጰራቅሊጦስ ዕለት በሚነበበው የሐዋርያት ሥራ ውስጥ ስሟ የሚነሣው ቀጰዶቅያ፣ የዛሬዋ የቱርክ ካፓዶቂያ፣ አሁን የምትታወቀው ማለዳ ሰማይዋን በሚሞሉት የሙቅ አየር ባሉኖች ነው። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. በዚያ ይበር የነበረ አንድ ባሉን ድንገተኛ ነፋስ ከመሬት ጋር ስላላተመው ሁለት ስፔናውያን ጎብኚዎች ሞተዋል። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በልዩብልያና አቅራቢያ 32 ሰዎች ያሳፈረ ባሉን ወጀብ ደርሶበት ሲወድቅ የ6 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል።

ባሉን መሪ የለውም። አብራሪው ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አቅጣጫውን የሚወስነው ነፋሱ ነው። አብሮ ስለሚነዳም፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እንኳ በቅርጫቱ ውስጥ የቆመ ሰው ነፋሱ ፊቱን ሲመታው እምብዛም አይሰማውም። ይህ ጸጥታ ያዘናጋል፤ የፍጥነቱ ልክ የሚታወቀው ቅርጫቱ መሬት ሲነካ ነው። ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት ዘጠኝ እጥፍ ስለሚሆን፣ በዝግታ ሲያርፍ ተንሸራቶ የሚቆመው ቅርጫት በኃይለኛ ነፋስ ጊዜ በጎኑ ተገልብጦ ረጅም ርቀት ሊጎተት ይችላል።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመሳፈር በፊት ነው። በረራው ጎሕ ሲቀድ የሚደረገው ለፎቶግራፍ ውበት ብቻ ሳይሆን፣ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩን ከማናወጧ በፊት ነፋሱ የረጋ ስለሚሆን ነው። አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት አንዲት ትንሽ ፊኛ ወደ ላይ ይለቃሉ፤ እርስዎም በዓይንዎ ይከተሏት። ቀጥ ብላ ወጥታ ከፍ ስትል በድንገት ወደ ጎን ከተወረወረች፣ ከላይ ያለው ነፋስ ከታችኛው የተለየ ነው ማለት ነው፤ ይህን አይተው አብራሪውን ቢጠይቁት ነውር የለውም። የነጎድጓድ ደመና በሩቅ ቢታይም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሥሩ የሚፈስሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ዝናቡ ያልደረሰበትን ቦታ አስቀድሞ ሊመታ ይችላል። በረራው ከተሰረዘ አይከራከሩ። ገንዘብ ከፍለው በሌሊት የተነሡ ጎብኚዎች አብራሪውን «ትንሽ እንሞክር» እያሉ መጎትጎታቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከነፋሱ የማይተናነስ አደጋ ነው።

በአየር ላይ ሳሉ አብራሪው «ለማረፍ ተዘጋጁ» ሲል ስልክዎንና ካሜራዎን ወዲያውኑ ይክተቱ፤ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ካሜራ ቅርጫቱ ሲላተም የባለቤቱን ወይም የጎረቤቱን ፊት ይመታል። ጀርባዎን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ አዙረው ቅርጫቱን ይደገፉ፤ እግሮችዎን ገጥመው ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ፤ በሁለት እጅዎ በውስጥ በኩል ያሉትን የገመድ መያዣዎች ይጨብጡ። ቅርጫቱ ሲገለበጥ እጅ ከሥር ሊቀረቀር ስለሚችል የውጭውን ጠርዝ መያዝ አይገባም። የአብራሪው ትእዛዝ ከዚህ የተለየ ከሆነ የሚፈጸመው የእርሱ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ ቅርጫቱ መሬት ስለነካ ብቻ ዘለው አይውረዱ። አንድ ሰው ሲወርድ ባሉኑ በዚያ ሰው ክብደት ልክ ይቀልላል፤ የቀሩትንም ይዞ እንደገና ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ግጭትም ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም፤ ቅርጫቱ ነጥሮ ደግሞ ሊመታ ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ ቆሞ አብራሪው ጋዙን እስኪዘጋና ስም ጠርቶ ወይም በእጁ ጠቁሞ «ውረድ» እስኪል ድረስ መያዣውን አይልቀቁ።

ከወረዱ በኋላ ነፋሱ ጨርቁን ዳግም ሊነፋው ስለሚችል በነፋሱ መምጫ በኩል ይራቁ፤ ገመዶቹንም አይርገጡ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአካባቢው ወድቆ ካዩ አይቅረቡ። አንገቱን ወይም ወገቡን ያመመው ሰው ካለ፣ እሳት ወይም የጋዝ ሽታ እስከሌለ ድረስ ሐኪም እስኪደርስ ባለበት ይተኛ እንጂ እየጎተቱ አያንሡት።