ሯጭ ልጃችሁን ለአሜሪካ ኮሌጅ እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁ የሀይስኩል ክሮስ ካንትሪ ቡድን ውስጥ ሲገባ «ትምህርቱን እንዳይጎዳበት» ይላል። ልጁ ሜዳሊያ ይዞ መምጣት ሲጀምር ደግሞ «ታዲያ ፉል ስኮላርሺፕ አያሰጠውም እንዴ?» ይላል። ለመጀመሪያው ስጋት ያሬድ ንጉሤን ማየት ይበቃል፤ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት የኬንታኪው ልጅ በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆችን የ1500 ሜትር ሻምፒዮና ያሸነፈው ኖተርዳም ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ነው። በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ አጥልቋል። የስኮላርሺፑ ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ለሠፈራችን ልጆች ፎርም ስሞላና ካውንስለር (የትምህርት ቤት አማካሪ) ቢሮ ስመላለስ ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንዳለ እወቁ። የኮሌጅ ስፖርትን በዋናነት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ሦስት ዲቪዥን አለው። ዲቪዥን ዋን እና ቱ ለስፖርተኛ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ። ዲቪዥን ስሪ በስፖርት ስም አንድ ዶላር አይሰጥም። ሃርቫርድ፣ ዬልና ሌሎቹ የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶችም ዲቪዥን ዋን ሆነው ሳለ የስፖርት ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚረዱት የቤተሰቡን ገቢ አይተው ነው። «ዲቪዥን ስሪ» ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ወላጅ ብዙ አይቻለሁ። ኤምአይቲና ጆንስ ሆፕኪንስ እኮ በሩጫ ዲቪዥን ስሪ ናቸው! በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ኮሌጆች ልጁ 11ኛን እንደጨረሰ በበጋው አሠልጣኙ ትራንስክሪፕቱን ለቅበላ ቢሮ አስቀድሞ ያሳይለታል። ያ ድጋፍ ከቁራጭ ስኮላርሺፕ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ኮርሶቹን ቁጠሩ። ዲቪዥን ዋን ገብቶ ለመወዳደር 16 ኮር ኮርስ (ኤንሲኤኤ የሚቆጥራቸው የሀይስኩል ዋና ትምህርቶች) ያስፈልጋል፦ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ሒሳብ (ከአልጀብራ ዋን ጀምሮ)፣ 2 ሳይንስ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ አንድ ተጨማሪ፣ 2 ሶሻል ሳይንስ፣ ቀሪው 4 ደግሞ ከነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋና ከመሳሰሉት። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይሆናሉ። 12ኛ ሲጀመር የነዚህ ውጤት ይቆለፋል፤ ከዚያ ደግሞ ወስዶ ማሻሻል አይቻልም። የኮር ኮርሶቹ ጂፒኤ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ለዚህ ብቁነት ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና መጠየቁ ቀርቷል፤ ኮሌጁ ራሱ ግን ለቅበላ ሊጠይቅ ይችላል።

«ትምህርት ቤቱ ካስመረቀው ይበቃል» አትበሉ። ለመመረቂያ የሚቆጠር ኮርስ ሁሉ ለኤንሲኤኤ አይቆጠርም። እያንዳንዱ ሀይስኩል የጸደቁለት ኮርሶች ዝርዝር በኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ አለ። በትምህርት ቤቱ ስም ፈልጉና ከልጁ ፕሮግራም ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ በተለይ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምረው ፕሮግራም) ውስጥ ያለ ልጅ የሚወስደው የእንግሊዝኛ ክፍል ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጡ እንዳትተኙ።

አሁን የኛን ልጆች ወደሚጥለው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

አንድ ልጅ አዲስ አበባ 9ኛ ክፍልን ጨርሶ ይመጣል። እዚህ ሲመዘገብ «እንግሊዝኛው እስኪጠነክር» ተብሎ እንደገና 9ኛ ይመደባል። ቤተሰቡም ጊዜ አገኘ ብሎ ደስ ይለዋል። በዲቪዥን ዋን ሕግ ግን ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ልጁ አዲስ አበባ 9ኛ ክፍል የገባ ዕለት ነው። ከዚያ አራት የትምህርት ዓመት ተቆጥሮ እኩዮቹ የሚመረቁበት ጊዜ ሲደርስ ሂሳቡ ይዘጋል። በቁጥር እንየው፦ መስከረም 2014 ዓ.ም. 9ኛ የገባ ልጅ (በፈረንጆቹ 2021) ሰዓቱ የሚያበቃው በ2025 የበጋ መግቢያ ላይ ነው። 9ኛን ከደገመ የሚመረቀው በ2026 ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት የወሰዳቸው ኮርሶች ሁሉንም ኤ ቢያመጣባቸው እንኳ ከ16ቱ ውስጥ አይገቡም። የ10ሩና የ7ቱ ደንብም የሚለካው በዚሁ ሰዓት ነው።

የሩጫ ሰዓቱ የሚያስቀና አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ሲቀር አይቻለሁ። ካውንስለሩ ጥሩ ሰው ነበር፤ ስለ ምረቃ ሁሉንም ያውቃል፤ ስለዚህኛው ሕግ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። አሠልጣኙም ያወቀው ደውሎ ቦታ ካዘጋጀ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ የምዝገባው ቀን ላይ ነው። የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕት ይዛችሁ ሂዱና የ9ኛ ክፍሉ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ በክሬዲት እንዲያዝለትና 10ኛ እንዲመደብ ጠይቁ። ኤንሲኤኤ ራሱም ከ9ኛ ጀምሮ ከተማረባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ትራንስክሪፕት ስለሚፈልግ የአገር ቤቶቹ ኮርሶች ሊረዱት ይችላሉ፤ ደብቆ ማለፍ አያዋጣም። ትራንስክሪፕቱ ላይ «2014» ብቻ ከተጻፈ የሚያነበው ሰው የፈረንጅ 2014 ሊመስለው ይችላል። ትምህርት ቤቱ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ አቻውን ዓመት የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ እንዲያያይዝ አድርጉ።

ጊዜው ያለፈበት ልጅስ? ዲቪዥን ቱ የሚቆጥረው ኮሌጅ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ እስኪገባ ድረስ የወሰደውን ሁሉ ነው፣ ጂፒኤውም 2.2 ነው። የሁለት ዓመቱ ጁኒየር ኮሌጅም አለ። ዲቪዥን ዋን ያለ ኮሌጅ ከልቡ ከፈለገው ደግሞ ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅለት ይችላል፤ እሱን ግን እንደ ዕቅድ አትያዙት።

አሠልጣኝ መፈለግ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የኤንሲኤኤ ነፃ የፕሮፋይል አካውንት 9ኛ ክፍል ላይ ክፈቱ፤ 11ኛ ላይ ወደሚከፈልበት ትቀይሩታላችሁ፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ክፍያው ሊነሳለት ይችላል። ደረጃውን ለማወቅ ቲኤፍአርአርኤስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የኮሌጁን ውጤት አይታችሁ ልጁ ከቡድኑ ስንተኛ እንደሚሆን አስሉ። ሀይስኩል 1600 ሜትር ቢሮጥም ኮሌጅ የሚሮጠው 1500 መሆኑን አትርሱ።

ኢሜይሉን ልጁ ይጻፍ። አባት የጻፈው ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል፤ አሠልጣኝ ደግሞ አብሮት አራት ዓመት የሚኖረውን ልጅ ነው ማወቅ የሚፈልገው። ርዕሱ ላይ የምረቃ ዓመት፣ ርቀት፣ ሰዓትና ጂፒኤ ይቀመጥ፦ «የ2027 ተመራቂ፣ 1600 ሜትር 4፡21፣ 3200 ሜትር 9፡22፣ ጂፒኤ 3.7»። ውስጡ አጭር ይሁን፤ የውጤት ገጹ ሊንክና ትራንስክሪፕቱ ይያያዝ። በሩጫና በእግር ኳስ የዲቪዥን ዋን አሠልጣኝ 10ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ያለው ጁን 15 እስኪደርስ በግል መመለስ አይፈቀድለትም፤ ከዚያ በፊት ዝም ቢል አትከፉ። የእግር ኳስ ልጅ አጭር ቪዲዮ ይጨምር፤ ምርጡ ከፊት ይሁን፤ ልጁ የትኛው እንደሆነ በምልክት ይታይ።

«ከአሠልጣኞች እናገናኛለን» ብለው በሺህ የሚያስከፍሉትን በግሌ አልመክርም። የሯጭ ሰዓት ለሁሉም በነፃ ይታያል።

አሠልጣኝ ሲደውል ገንዘቡን ሳታፍሩ ጠይቁ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። በስፖርት ነው ወይስ በትምህርት ውጤት? ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ቢጎዳስ? ከ2025 ጀምሮ አዲሱን ሥርዓት (ኮሌጆች ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን) በተቀበሉ የዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ ቀርቶ በቡድኑ አባላት ብዛት ገደብ ተተክቷል፤ ክሮስ ካንትሪ 17፣ ትራክ 45። ከዚያ በፊት የወንዶቹ ትራክና ክሮስ ካንትሪ አንድ ላይ 12.6 ስኮላርሺፕ ይከፋፈሉ ነበር። ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ኮሌጁ ሁሉንም ይከፍላል ማለት አይደለም፤ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድን ለመግባት የሚፈልጉም ቦታ ጠቧቸዋል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ማንንም አያስርም። ናሽናል ሌተር ኦቭ ኢንተንት የሚባለው፣ ልጁ ኮሌጁን መምረጡን ይፈርምበት የነበረው ሰነድ፣ ከ2024 መገባደጃ ወዲህ የለም፤ የሚፈረመው የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ስለሆነ እሱን አንብቡ። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) መሙላት ግን የግድ ነው።

12ኛ ክፍል ላይ፣ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ልጁ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ የመጨረሻውን የአማተርነት ማረጋገጫ (ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ አለመሆኑን የሚያሳየውን) ይጠይቅ። ሲመረቅ ካውንስለሩ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት መላኩን ራሳችሁ አጣሩ። ከአገር ቤት የጎደለ ወረቀት ካለ ከሰኔ በፊት አስወጡት፤ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ በኋላ ማኅተም የያዘውን ሰው ማግኘት ከባድ ነው።