ሆረር ፊልም ስታዩና ስትፈርዱ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ቅዳሜ ማታ ወጣቶች ሰብስቤ ፊልም አሳያለሁ፤ ሲያልቅም ቁጭ ብለን እንወያያለን። ተራው የሆረር ሲሆን ገና ሳይጀመር «እሱንማ አይቼዋለሁ፣ ምንም አያስፈራም» የሚል አይጠፋም። እንዴት እንዳየው ስጠይቀው መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ፣ እየዘለለ። ስንት ጥሩ ፊልም በዚህ ምክንያት ያለ ስሙ ስም ስለተሰጠው ከዚህኛው ልጀምር።

እየዘለሉ ማየት

ፍርሃት ጊዜ ይፈልጋል። ዳይሬክተሩ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የምድር ቤቱን በር ደጋግሞ የሚያሳያችሁ በኋላ ያ በር ገርበብ ብሎ ስታዩት ሆዳችሁ እንዲሸበር ነው። ቤቱን ሳትለምዱት በሩ ቢከፈት ባይከፈት ምን ይሰማችኋል?

ጋኔን ስለያዛት ልጅ የሚተርከውን «ዘ ኤክሶርሲስት»ን (እ.ኤ.አ. 1973) እንውሰድ። ብዙዎች «አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም» ይሉና ቄሶቹ ወደሚመጡበት ያሳልፉታል። ምንም የለም በተባለው በዚያ ሰዓት ውስጥ አንዲት እናት አለች። ልጇን ይዛ ከሐኪም ሐኪም ትንከራተታለች። ልጅቷን የምርመራ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው አንገቷ ላይ መርፌ ይከታሉ፤ ደም ፊን ይላል፤ ማሽኑ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ይንኳኳል። መጨረሻ ላይ ሐኪሞቹ ያገኙት ነገር እንደሌለ ይነግሯታል። እዚህ ትዕይንት ውስጥ ጋኔን አይታይም፤ ከፊልሙ ሁሉ የሚከብደኝ ግን እሱ ነው። ታማሚ ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞሮ፣ ተስፋ ሲቆርጥ ጠበል የወሰደ ሰው የዚህችን እናት ድካም ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ቄሶቹ ሲመጡ ልብ የሚመታው እሷ ሌላ የምታንኳኳው በር ስላልቀራት ነው። ያንን የዘለለ ሰው የሚደርሰው ሜካፕና አረንጓዴ ትውከት ብቻ ነው። በዚያ ቢስቅ አልፈርድበትም፤ ፊልሙ ላይ ሲፈርድ ግን አልሰማውም።

ስልኩም ራሱን የቻለ ችግር ነው። «ሃሎዊን» (1978) ላይ ዋናዋ ልጅ ኮሪደር ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። አጠገቧ ያለው በር ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ የገዳዩ ነጭ ጭምብል ብቅ ይላል። ሰውየው አልተራመደም፣ ቀድሞም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ቀስ በቀስ የተጨመረው ብርሃን ነው። ምንም አይጮህም፣ ካሜራውም ተንደርድሮ አይጠጋውም። እናንተ አይታችሁታል፣ እሷ አላየችውም፤ ፍርሃቱ ያለው እነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ብርሃኑ በተቀነሰ ስልክ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ያየ ሰው ያንን ጭምብል ከነጭራሹ አያየውም። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ራሱ የደረሰውን ያንን እየተደጋገመ የሚያስጨንቅ ሙዚቃም የስልክ ስፒከር ገድሎ ያቀርብላችኋል። ስለዚህ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ በተቻለ መጠን በሰፊ ስክሪንና በጥሩ ድምፅ እዩ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ለነገ አቆዩት፤ በተረፈች ባትሪ ስልክ ላይ አትጨርሱት።

የድሮውን በተበላሸ ቅጂ አይቶ መሳቅ

«ኖስፌራቱ»ን (1922) ሳሳይ ሁልጊዜ የሚሳቅበት ቦታ አለ። ፀሐይ የሚገድለው ቫምፓየር በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ ከተማ ውስጥ ይሄዳል። «ዳይሬክተሩ ረስቶት ነው እንዴ?» ይላሉ። ዳይሬክተሩ ሙርናው አልረሳም። በዚያን ዘመን ውጭ፣ ማታ መቅረጽ በጣም ከባድ ስለነበር ትዕይንቱ በቀን ተቀርጾ ቅጂው ሰማያዊ ቀለም ይነከር ነበር፤ ተመልካቹም ሰማያዊ ሲያይ ሌሊት መሆኑ ይገባዋል። ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚዞሩት ጥቁርና ነጭ ቅጂዎች ያ ቀለም የጠፋባቸው ናቸው። ቀለሙ የተመለሰለትን፣ የታደሰውን ቅጂ ፈልጋችሁ እዩት፤ ያ የሚያስቃችሁ ቦታ ሌላ ነገር ይሆናል። ፊልሙ እስከ ዛሬ መቆየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፦ «ድራኩላ» የተባለውን ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ የወሰደ ስለነበር የሟቹ ደራሲ ሚስት ከሳ የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዝዞ ነበር።

የጃፓኑን «ሪንጉ» (1998) ሳያዩ አሜሪካ በ2002 የሠራችውን ብቻ አይቶ ማወዳደርም እዚሁ የሚገባ ስህተት ነው። በጃፓኑ ላይ ከቴሌቪዥኑ የምትወጣዋ ልጅ አረማመድ ያ ሁሉ የሚዘገንነው ተዋናይዋ ወደ ኋላ ስትራመድ ተቀርጾ ፊልሙ ተገልብጦ ስለተጫወተ ነው። ኮምፒዩተር አልነካውም፤ የሰው ገላ ብቻ ነው።

ደም መቁጠር

ደም ሲበዛ ፊልሙ ይበልጥ ያስፈራል የሚለውን ተዉት። የ«ሳይኮ» (1960) የሻወር ትዕይንት ላይ የሚፈሰው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ግድያ ለመቅረጽ ሳምንት ገደማ ወስዷል። ቢላዋው ገላዋን ሲቀድ አየሁ ብለው የሚምሉ ብዙ ናቸው፤ ያዩት በፍጥነት የሚቀያየሩ ሾቶችን ነው፣ የተቀረውን የበርናርድ ኸርማን ቫዮሊኖች ሞልተውላቸዋል።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ሆረር አትክፈቱ፤ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ገጸ ባሕርያቱን «ጅሎች» ብሎ መገላገል

«ለምን አይሮጥም? ለምን አብረው አይሆኑም?» ይሄ ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ችግሩ እንደ ፍርድ ሲነገር ነው። በፍርሃት የተያዘ ሰው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው አያስብም። «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) ውስጥ ሙታን የከበቡት ቤት ውስጥ ሁለት ወንዶች ይጣላሉ፦ አንዱ ምድር ቤት ገብተን እንቆልፍ ይላል፣ ሌላው እዚሁ ላይ ሆነን በሩንና መስኮቱን በጣውላ እንምታ ይላል። አንድ ማታ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ እኛም እንደ እነሱ ተጨቃጨቅን። ተመልካቹ የሚደግፈው ብዙ ጊዜ ላይ እንሁን የሚለውን፣ ረጋ ያለውን ቤንን ነው፤ ሌላኛው ቁጡና ራስ ወዳድ ስለሆነ። ማን ትክክል እንደነበር ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ቆይታችሁ ፍረዱ። ጆርጅ ሮሜሮ ከመቶ ሺህ ዶላር ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ የሠራው ፊልም ዛሬም የሚያሟግተው ሰዎቹ ጅል ስለሆኑ አይደለም። ሰዎቹ እኛን ስለሚመስሉ ነው። ቤንን የተጫወተው መሪ ተዋናይ ድዌይን ጆንስ ጥቁር መሆኑን፣ ፊልሙም ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት መውጣቱን ይዛችሁ ስታዩት መጨረሻው የበለጠ ያማል።

በመጀመሪያ ሳምንት ወሬ መፍረድ

«ዘ ቲንግ» በ1982 ሲወጣ ተቺዎች ቀጥቅጠውታል፣ ገበያም አልቀናውም፤ ዛሬ የዘርፉን ምርጦች የሚዘረዝር ሰው አይዘለውም። ዳይሬክተሩ ኩብሪክ በ«ዘ ሻይኒንግ» (1980) ለዓመቱ የከፋ ዳይሬክተር በሚሰጠው የፌዝ ሽልማት ታጭቷል። «ሄሬዲታሪ» (2018) ተቺዎች ሲያወድሱት፣ ከሲኒማ የሚወጣ ተመልካች ውጤት የሚሰጥበት ሲኒማስኮር ላይ ያገኘው ዲ ፕላስ ነው። በየደቂቃው የሚያስደነግጥ ፊልም ፈልጎ የገባ ሰው የቤተሰብ ሐዘን ሲገጥመው መከፋቱ አይገርምም። ስለዚህ ጓደኛችሁ «አይረባም» ሲላችሁ ምን ጠብቆ እንደገባ ጠይቁት፤ መልሱ ፊልሙን ለማየት የሚያነሳሳችሁ ሊሆን ይችላል።