ሆዷ ሞልቶ ላሟ ለምን ከሳች?

ጥር ገብቶ መስኩ ሲደርቅ ከከብት አርቢ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይህ ነው፦ «ጭድ ሞልቷል፣ ከብቱ ግን አይበላም።» ወዲያው የትል መድኃኒት ይገዛል። ትልም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው መኖውን ነው።

ማታ ከግጦሽ ሲገቡ የግራ ጎናቸውን እዩ። ትልቁ ጨጓራ በዚያ በኩል ነው።

ጎኑ ከጎደጎደ
ከብቱ አልጠገበም። መስኩ ተግጦ ሳሩ ካጠረ በአንድ ጉርሻ የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢግጥም አይሞላለትም። ማታ ግርግሙ ላይ ድርቆሽ ጨምሩለት። የግጦሽ ሰዓቱንም አስረዝሙ።

ጎኑ ሞልቶ ከብቱ ከከሳ
ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። የበላው ተፈጭቶ ካልወረደ አዲስ መኖ የሚገባበት ቦታ የለም። ጭዱን ጨጓራ ውስጥ የሚያፈርሱት በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ናቸው። እነሱም ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲሆን ይዳከማሉ፤ የስንዴና የገብስ ጭድ ደግሞ ብዙ ጊዜ 5 በመቶም አይሞላም። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ ጥሩ መኖ ካገኘ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ጭድ ብቻ ሲሆን ወደ 4 ኪሎ ሊወርድ ይችላል።

እበቱም ይናገራል። ደረቅ፣ ተደራራቢና ረጃጅም የጭድ ስባሪ ያለበት ከሆነ ፕሮቲን አንሷል።

ስለዚህ ጭድ መከመር መፍትሄ አይደለም። በቀን 1 ኪሎ ያህል የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን የኑግ ተረፈ) ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ ስጡ። ጭዱንም የበለጠ መብላት ይጀምራል። ፋጉሎ ከተወደደ (መቼ ረክሶ ያውቃል!) ሰስባንያ ወይም ትሪ ሉሰርን የሚባሉት የመኖ ዛፎች ቅጠል ይተካዋል። እህል በብዛት መስጠት ግን ጨጓራውን ያኮመጥጣል፤ የጭድ ፍላጎቱም ይብሱን ይቀንሳል።

ጭዱን በዩሪያ ማዳበሪያ ማከምም ይቻላል። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በየንብርብሩ እየረጫችሁ፣ እየረገጣችሁ፣ በፕላስቲክ አየር እንዳይገባው ሸፍናችሁ 21 ቀን አቆዩት። ለነገ የሚሰጠውን ዛሬ አውጥታችሁ አናፍሱ። በትንሹ አስለምዷቸው። ከ6 ወር በታች ላሉ ጥጆች፣ ለአህያ፣ ለፈረስና ለበቅሎ አይሰጥም። ዩሪያ ያለበትን ውሃ ከብት ከጠጣው ይሞታል፤ ባልዲውን ሜዳ ላይ አትተዉ።

ድርቆሹን አማርጦ አገዳውን ከተወ
ሳሩ ዘግይቶ ታጭዷል። ክምሩ እንዲበዛ ብለው ኅዳርን የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፤ እስከዚያ ሳሩ ዘር ጥሎ እንጨት ይሆናል። ማበብ ሲጀምር እጨዱ። የዘንድሮውን ድርቆሽ ቆራርጣችሁ ስጡ፣ ፋጉሎም ጨምሩበት። የሻገተ ከሆነ ግን አትስጡ።

ክረምት ላይ ቅዘን ወይም የሆድ መንፋት ከመጣ
ለምለም ሳር አብዛኛው ውሃ ነው፤ እበቱን ያቀጥነዋል። ማገጥ የሚባለው ተክል የበዛበት መስክ ደግሞ ሆድ ይነፋል። ከመሰማራታቸው በፊት ትንሽ ጭድ አቅምሷቸው። የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ሰዓት ሳትፈጁ ሐኪም ጥሩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካልበላ የውሃውን ነገር እዩ። ውኃ የጠማው ከብት ደረቅ መኖ አይበላም። ወንዝ ሩቅ ከሆነና የሚጠጣው በሁለት ቀን አንዴ ከሆነ፣ ደጅ ላይ ውሃ አቅርቡለት።